ቤቱ ለሰፈሩ ተወዷል? ድሬዳዋ ላይ ቀብድ ከመክፈል በፊት ዋጋ የሚፈተሽበት መንገድ

ድሬዳዋ ላይ ቤቱን የሚሸጥ ሰው ዋጋ ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ከሦስት አንዱን ነው፤ ለግንባታ ያወጣውን፣ ጎረቤቱ «ጠየቀ» የተባለውን፣ ወይም ከሽያጩ በኋላ ሊያደርገው ላሰበው ነገር የሚበቃውን። አንዳቸውም የቤቱ ዋጋ አይደሉም። ሳቢያን ላይ በደንብ የሚሸጥ ቤት ገንደ ቆሬ ላይ በዚያው ወጪ ቢሠራ በዚያው ዋጋ አይሄድም። ሲሚንቶውና ብረቱ አንድ ነው፤ ሊገዛ የሚመጣው ሰው ግን ሌላ ነው። ቤት ተወደደ የሚባለው ከኪሳችሁ አንጻር ሳይሆን፣ በዚያው መንገድ ላይ ተመሳሳይ ግንባታና ተመሳሳይ ወረቀት ላለው ቤት ሌላ ሰው ከከፈለው ጋር ሲተያይ ነው።

እኔ የተጠራውን ዋጋ ሁልጊዜ በሦስት እከፍለዋለሁ፤ ቦታው፣ ግንባታው፣ ወረቀቱ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ ውሉ ላይ የሚሰፍረው ቤቱ ነው። ገንዘቡ ግን ለቦታውም ነው የሚከፈለው፤ በብዙ ሰፈር ትልቁ ድርሻ የቦታው ነው። ሦስቱን ሳይለዩ አንድ ጥቅል ቁጥር ላይ የሚከራከር ገዢ ምን እንደተወደደበት ሳያውቅ ይከራከራል።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው የተሸጡ ቤቶች ዋጋ ነው፤ የሚሸጡት አይደለም። በአንድ ደላላ ስልክ ውስጥ ያሉት ቤቶች በሙሉ የተወደዱ ከሆኑ እርስ በርስ ሲተያዩ ሁሉም ልክ ይመስላሉ። ውል ላይ የተጻፈው ዋጋም አያስተማምንም፤ የስም ማዛወሪያ ወጪን ለመቀነስ ዝቅ ተደርጎ የሚጻፍ ብዙ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ ከተሳበ የአፍ ዋጋና ወደ ታች ከተሳበ የወረቀት ዋጋ መካከል እውነተኛውን መፈለግ ግድ ነው።

ከየት ይገኛል? ከሁሉ የተሻለው የሰፈሩ ሰው ነው፤ የዕድር ዳኛ፣ ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ፣ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ጫት ይዘው የሚቀመጡ የሰፈሩ አባቶች። «እዚህ ቤት ስንት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የሰማይ ዋጋ ነው የምትሰሙት፤ ማንም የራሱን ሰፈር አያረክስም። «የእነ እገሌ ግቢ በስንት ሄደ? ካሬው ስንት ነበር? በአንዴ ተከፈለ ወይስ በጊዜ? ጭቃ ነበር ብሎኬት?» ብላችሁ በስም ጠይቁ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ተቀራራቢ ቁጥር ከነገሯችሁ ይያዛል። ቀጥሎ ይህን ቤት የማይሸጥ ደላላ ነው። በዚህ ቤት ጥቅም የሌለው ደላላ የሌላውን ደላላ ዋጋ ለመንቀፍ ደስ ስለሚለው ብዙ ያወራል፤ ከሚያወራው ግማሹን ጣሉትና የቀረውን መዝግቡ።

ሦስተኛው ምንጭ ብዙ ሰው የማያየው ነው፤ የባንኮች የሐራጅ ማስታወቂያ። ባንኮች ተበዳሪው ያልከፈለውን የመያዣ ቤት ሲሸጡ የቤቱን አድራሻ፣ የቦታ ስፋትና መነሻ ዋጋ በጋዜጣ ያወጣሉ። መነሻ ዋጋው ባለሙያ ለክቶ የገመተው ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከገበያው ዝቅ ይላል። ዝቅ ማለቱ ራሱ ይጠቅማል፤ የዋጋውን ወለል ያሳያል። አንድ ሻጭ በዚያው ሰፈር ለተመሳሳይ ቤት ከሐራጅ መነሻው ሁለት እጥፍ ከጠራ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። አስተዳደሩ ለመኖሪያ የሚያወጣቸው የሊዝ ጨረታዎች ውጤትም ስለ ቦታው ይነግራል፤ ነገር ግን ቁጥሩን እንዳለ አትውሰዱት። የሊዝ ተጫራች የሚከፍለው ጥቂቱን በቅድሚያ፣ የቀረውን በረጅም ዓመታት ነው። ዛሬ በአንድ ቼክ ከሚከፈል ገንዘብ ጋር ካሬ በካሬ አይተያይም።

ቢያንስ 3፣ ቢቻል 5 የተሸጡ ቤቶች ያስፈልጋሉ፤ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የተሸጡ ቢሆኑ ይመረጣል። በተለይ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋን ለገበያ ከለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በፊት የተሸጠን ቤት ዋጋ ለማነጻጸሪያ አትጠቀሙበት። ከዚያ በኋላ ከውጭ የሚገባው ሴራሚክ፣ አሉሚኒየም፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። የባለቤቱ ልጆች ጅቡቲ ወይም ዓረብ አገር ካሉ ደግሞ ዋጋው በአእምሯቸው የሚሰላው በዶላር ነው።

«ሰፈር» ስንል ምን ያህል ስፋት ነው? ቀበሌ ለዚህ ሥራ በጣም ሰፊ ነው። በእግር አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ ክብ ይበቃል፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ክቡ ከተማዋን የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ መሻገር የለበትም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ሲደርስ በፕላን የተቆረቆረው ከዚራ ዛፍ የጠለለበት ቀጥ ያለ መንገድ፣ ሰፊ ግቢና ከፍ ያለ ጣሪያ አለው፤ ከወንዙ ማዶ ያለው መጋላ ጠባብ፣ የተጠጋጋ፣ ንግድ የበዛበት ነው። መጋላ ውስጥ ወደ ገበያ የሚከፈት አንድ በር ያለው ትንሽ ቤት በካሬ ከከዚራ ግቢ ሊበልጥ ይችላል። ያ ግን የሱቅ ዋጋ ነው፤ ሁለት ቅያስ ገባ ብሎ ያለውን መኖሪያ በዚያ ዋጋ የሚጠራ ሻጭ ሱቅ ሳይኖረው የሱቅ ገንዘብ እየጠየቀ ነው። ከዚራ ላይ ሌላም ጉዳይ አለ። ከቆዩት ቤቶች ብዙዎቹ የመንግሥት ወይም የቀበሌ ናቸው። ለገበያ የሚቀርበው የግል ይዞታ ጥቂት ስለሆነ አንድ ቤት በወጣ ቁጥር «ሁለተኛ አይገኝም» ይባላል። የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤት «ቁልፍ እንሸጥላችሁ» የሚላችሁ ካለ ደግሞ ዋጋው ርካሽም ሆነ ውድ የሚመዘን ነገር የለም፤ የሚገዛ ነገር የለውምና።

ስለ ደቻቱ ካነሣን አይቀር፣ በ1998 ዓ.ም ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ድሬዳዋ ላይ ዝናብ ሳይጥል ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ውሃ ደረቁን አሸዋ በደቂቃዎች ይሞላዋል። ከዚያ ወዲህ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ቢሆንም ከወንዙና ከገባሮቹ የሚጠጋ ግቢ አንድ መንገድ ወደ ላይ ራቅ ብሎ ካለው ጋር እኩል ዋጋ ሊጠራበት አይገባም። ምልክቱ አይጠፋም። የጎረቤቶችን በሮች እዩ፤ ደፋቸው ላይ ከጉልበት በታች የሲሚንቶ እርከን ተሠርቶ ከሆነ ውሃ የሚገባበት መንገድ ነው። የአጥሩን የውጭ ግድግዳ እዩ፤ አግድም የሄደ የቀለም ልዩነት ካለ ውሃው እዚያ ድረስ ቆሟል። ቤቱ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ የአጥሩን ጀርባ ወይም ሽንት ቤቱን እዩ፤ እዚያ ቀለም የሚጨርስ ሻጭ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ቦታው። 50 ሜትር የሚደርስ ሜትር ይዛችሁ ግቡ፤ አራቱንም ጎንና አንዱን ሰያፍ (ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ) ለኩ። ሰያፉ ግቢውን ለሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ይከፍለዋል፤ የሁለቱ ስፋት ድምር ትክክለኛው ካሬ ነው። አራት ማዕዘን ነው ብሎ ርዝመትን በወርድ ማባዛት ጠማማ ግቢ ላይ ያሳስታል፤ ስህተቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደላው ለሻጭ ነው። ከዚያ ከካርታው ጋር አስተያዩት። መሬት ላይ 235 ሆኖ ካርታው ላይ 200 ከሆነ የምትገዙት 200 ነው። ትርፉ 35 ካሬ ሊወሰድ፣ ወይም ሕጋዊ ለማድረግ ሊዝ ሊያስከፍል የሚችል ቦታ ነው። «ድሮም በአጥራችን ውስጥ ነው» የሚለው መልስ ዋጋ አይጨምርም። ቀጥሎ መንገዱ በፕላን ስንት ሜትር እንደሆነ በመሬት ልማት ጽሕፈት ቤት አስጠይቁ። ዛሬ 6 ሜትር የሆነው መንገድ በፕላን 10 ከሆነና ማስፋቱ በዚህ በኩል ከሆነ የፊት አጥሩ፣ አንዳንዴም ሰርቪስ ቤቱ ይሄዳል። በመንገድ የሚበላውን ካሬ ከስሌቱ አውጡት።

በአንድ ሰፈር ውስጥም ካሬ ከካሬ ይለያል። ሲኖትራክ የሚገባበትና ባጃጅ ብቻ የሚገባበት መንገድ ዋጋቸው አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው ላይ ለመገንባት አሸዋና ብሎኬት በጋሪ ስለሚጋዝ ሥራው ሁሉ ይወደዳል። የፊት ወርዱ ጠባብ ሆኖ ወደ ኋላ የረዘመ ግቢ በካሬ ይረክሳል። ግቢው በሰፋ ቁጥርም የአንዱ ካሬ ዋጋ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ 500 ካሬ ሊገዛ የሚችል ሰው ከ200 ካሬ ገዢ ያነሰ ነው። የማዕዘን ቦታ ይጨምራል፣ በተለይ ሱቅ ማውጣት ከተቻለ።

የግንባታው ክፍል ላይ ብዙ ገንዘብ ይጠፋል፤ ዓይን ስለሚታለል። ድሬዳዋ ላይ በጣም የሚያሳስተው በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ቤት ነው። ከውጭ ብሎኬት ይመስላል፤ ኳርትዝ ተቀብቶ፣ አሉሚኒየም መስኮት ገብቶለት፣ ወለሉ ሴራሚክ ሆኖ የብሎኬት ዋጋ ይጠራበታል። የሚለይበት መንገድ አለ። ኮርኒሱ ላይ መውጫ ካለ መሰላል አስመጡና ከኮርኒስ በላይ ያለውን ግድግዳ በስልክ መብራት እዩ፤ እዚያ የሚለስን ሰው ስለሌለ እንጨቱና ጭቃው ይታያል። መውጫ ከሌለ ግድግዳውን በጣት መገጣጠሚያ አንኳኩ፤ ጭቃ ደፍን ያለ፣ ቦታ ቦታው የሚለያይ ድምፅ ይሰጣል፤ ብሎኬት ጠንካራና ወጥ ነው። በግድግዳው ላይ በእኩል ርቀት ከላይ ወደ ታች የወረዱ ቀጫጭን ስንጥቆች ካሉ ከውስጥ ያሉት ቋሚ እንጨቶች ናቸው። የበርና የመስኮት ፍሬሞችን በመፍቻ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉ፤ ምስጥ የበላው እንጨት ቀለሙ ደህና ሆኖ ውስጡ ይሰጥማል። ጭቃ ቤት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ለድሬ ሙቀት እንዲያውም ከብሎኬት ይቀዘቅዛል። ለዋጋ ግን እንደ ብሎኬት አይቆጠርም። ብዙ ገዢ አፍርሶ ሊሠራ ስለሚያስብ ያረጀ ጭቃ ቤት ዋጋ የሚያወጣው በቦታው ብቻ ነው።

ብሎኬት ከሆነ የመስኮት ማዕዘኖችን እዩ። ከማዕዘኑ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ የመሠረት መስመጥ ምልክት ነው፤ ልስን ላይ ብቻ የሚታይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ግን አያስጨንቅም። ከወለል እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ ነጭ ዱቄት እያወጣ የሚረግፍ ከሆነ እርጥበትና ጨው ከመሬት እየወጣ ነው፤ መሠረቱ ላይ የእርጥበት መከላከያ አልተደረገም ማለት ነው። ቀለም ቢቀባ በዓመቱ ይመለሳል። ቤቱን የሚያሳምረው ጂፕሰምና አምፖል ቶሎ ያረጃል፤ ሻጩ ያወጣበትን ሙሉ ገንዘብ እናንተ የምትመልሱበት ምክንያት የለም።

ውሃው ለብቻው ይታይ። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣና ኖራ የበዛበት ነው፤ የሻወር ራስ ይደፍናል፣ የውሃ ማሞቂያ ያቃጥላል፣ ውስጥ ለውስጥ የተዘረጋ ቀጭን ብረት ቧንቧን ያጠባል። ሁሉንም ቧንቧዎች በአንድ ጊዜ ክፈቱ፤ ሮቶው ሙሉ ሆኖ ፍሰቱ ከደከመ ቧንቧው ተዘግቷል፤ የመቀየሪያው ወጪ ከዋጋው ይቀነሳል። ውሃ በፈረቃ ስንት ቀን እንደሚመጣ ከሻጩ ሳይሆን ከጎረቤት ተከራይ ጠይቁ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነና ውዝፍ እንዳለበት ደረሰኝ አስመጥታችሁ እዩ። ሙቀቱም ዋጋ አለው፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኝታ ክፍሎቹ ውስጥ ገብታችሁ ቁሙ። ጣሪያው ዝቅ ያለና መስኮቱ ወደ ምዕራብ የዞረ ክፍል ያለ ኤር ኮንዲሽነር አይተኛበትም። በረንዳና ጥላ ያለው ዛፍ ድሬ ላይ ጌጥ አይደሉም፤ ሰው ብዙ ሰዓት የሚኖርባቸው ቦታዎች ናቸው። ቤት በጠዋት የሚያሳይ ደላላ ይህን ያውቃል።

እንግዲህ እስክሪብቶ አንሡ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ የማንም ሰፈር የወቅት ዋጋ አይደሉም።

በዚያው መንገድ አንድ ያረጀ ጭቃ ቤት ያለበት 180 ካሬ ግቢ በ3,600,000 ብር ሄዷል እንበል። ቤቱ ስለሚፈርስ ገንዘቡ ሁሉ የቦታ ነው፤ ካሬው 20,000 ብር መጣ። የሚሸጥላችሁ ግቢ 250 ካሬ ነው፤ ሰፋ ስለሚል 19,000 እንያዝለት፤ ቦታው 4,750,000 ብር። ዋናው ቤት 120 ካሬ ብሎኬት ነው። ዛሬ እንደዚያ ያለ ቤት ለመሥራት አንድ ካሬ 35,000 ብር ይፈጃል ብሎ ኮንትራክተር ቢነግራችሁ አዲሱ 4,200,000 ብር ይሆናል። ቤቱ ግን 20 ዓመቱ ነው። በቀላሉ 50 ዓመት ዕድሜ ሰጥተን 40 በመቶ እንቀንስ፤ 2,520,000 ብር ይቀራል። ሰርቪሱ 30 ካሬ በ20,000፣ ግማሹ አርጅቷል፤ 300,000 ብር። አጥር፣ የላሜራ በር፣ ሮቶና የፍሳሽ ጉድጓድ ባሉበት ሁኔታ 250,000 ብር። ድምሩ 7,820,000 ብር ነው። ሻጩ የጠራው 9,500,000 ከሆነ ልዩነቱ 1,680,000 ብር፣ ከግምታችን ከ21 በመቶ በላይ ነው። ለድርድር ተብሎ አሥር በመቶ አካባቢ መጨመር የተለመደ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ማብራሪያ ይፈልጋል።

የግንባታውን የካሬ ዋጋ ከሻጩ ኮንትራክተር አትውሰዱ። አሁን ሥራ ላይ ካሉ ሁለት ሰዎች ጠይቁ፤ መሠረት፣ አጥርና ፍሳሽ ያካተተ መሆኑን አለመሆኑንም አጣሩ። እኔ ያየኋቸው ትልልቅ የስሌት ስህተቶች እዚህ ጋ ነው የሚፈጠሩት፤ አጥሩ በካሬው ዋጋ ውስጥ ገብቶ ሳለ እንደገና ለብቻው ይደመራል።

በኪራይ መንገድም አረጋግጡት። በዚያው መንገድ በ6,000,000 ብር የተሸጠ ቤት በወር 20,000 ይከራያል እንበል። አንድ ወር ባዶ ይቀመጣል ብለን በ11 ወር ስናባዛው 220,000፤ ለተሸጠበት ዋጋ ስናካፍለው 3.7 በመቶ ገደማ። የእኛው ቤት በወር 25,000 የሚከራይ ከሆነ በዓመት 275,000 ነው። በዚያው ምጣኔ ወደ 7,500,000 ብር ይወስደናል። ከመጀመሪያው ስሌት ጋር ተቀራረበ፤ ስለዚህ የቤቱ ዋጋ ከ7.5 እስከ 7.8 ሚሊዮን መካከል ነው ብሎ መያዝ ይቻላል። ሁለቱ መንገዶች በጣም ከተራራቁ ከማነጻጸሪያዎቹ አንዱ ተሳስቷል፤ ተመልሳችሁ ሰፈሩን ጠይቁ።

ኪራዩ ግን ማን የሚከፍለው ኪራይ ነው? ሳቢያን ላይ አንዳንድ ግቢዎች ለድርጅት ቢሮነት ተከራይተው ያውቃሉ፤ ባለቤቱ ዋጋውን የሚያሰላው በዚያ ኪራይ ነው። ድርጅት ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው ቤተሰብ ነው፤ ቤተሰብ ደግሞ የድርጅት ኪራይ አይከፍልም። የምትጠቀሙት ቤተሰብ የሚከፍለውን ይሁን። ተከራይ ያለበት ቤት ከሆነ የኪራይ ውሉን እዩ፤ በአዋጅ 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ጭማሪውም በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ አይደለም። «ገዝታችሁ ኪራዩን ታጥፉታላችሁ» የሚለው የደላላ ወሬ እዚህ ላይ ይቆማል። የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን፣ ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19 አካባቢ፣ መኝታ ሁሉ ሲወደድ የተገኘ ገቢም የዓመት ኪራይ አይሆንም።

አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የመንገዱ ምርጥ ቤት። ዙሪያው ባለ ቆርቆሮ ቤት ሆኖ መሃል ላይ ጂ ፕላስ ሁለት የቆመበት ግቢ ይኖራል። ባለቤቱ አልዋሸም፤ ገንዘቡን በእርግጥ አፍስሶበታል። ነገር ግን ያን ያህል ገንዘብ ያለው ገዢ በዚያው ብር ሳቢያን ወይም ከዚራ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቤት ላይ የግንባታው ስሌት ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ኪራዩ ግን አብሮ አይወጣም። ሁለቱ ሲለያዩ እኔ የማምነው ኪራዩንና በሰፈሩ እስከ ዛሬ የተሸጠውን ከፍተኛ ዋጋ ነው። ለመኖር ወዳችሁት ከሆነ ግዙት፣ ግን ስትሸጡት የእናንተም ገዢ እንደሚያመነታ አውቃችሁ። በተቃራኒው ጥሩ ቤቶች መሃል ያለ ደካማ ቤት በካሬ የተወደደ ቢመስልም ብዙ ጊዜ የተሻለ ግዢ ነው፤ ቦታው እንደ ጎረቤቶቹ ይቆጠራልና።

የተስፋ ዋጋም አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በ2014 ዓ.ም የተቋቋመው ነፃ የንግድ ቀጠና፣ አዲሱ የባቡር ጣቢያ፤ በመልካ ጀብዱ አቅጣጫ የሚሸጥ ቦታ ሁሉ ከእነዚህ የአንዱ ስም ሳይጠራ አይሸጥም። ሊያድግ ይችላል። ነገር ግን ያላደገውን ዛሬ ከፍላችሁ ከገዛችሁ ዕድገቱን የወሰደው ሻጩ ነው። መመዘኛዬ ቀላል ነው፤ አስፋልቱ ደርሷል? መብራትና ውሃ በግቢው ገብቷል? ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ባጃጅ ይገኛል? አይደለም ከሆነ የተባለው ነገር በዋጋው ውስጥ መግባት የለበትም።

ወረቀቱ የመጨረሻውን ቅናሽ ይወስናል። ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተያዘ) ከሆነ ካርታው ላይ ያለው ስም የሻጩ መሆኑን፣ ዕዳና እግድ አለመኖሩን ከይዞታ አስተዳደር አስጽፉ። ሊዝ ከሆነ ቀሪው የሊዝ ክፍያ ስንት እንደሆነ የተጻፈ ማስረጃ ጠይቁ፤ ዕዳው ወደ ገዢው ይሻገራል። 7,800,000 ያላችሁት ቤት 600,000 ብር የሊዝ ዕዳ ካለበት ለሻጩ የሚከፈለው 7,200,000 ነው። ይህን ረስቶ ከነባር ይዞታ ጋር እኩል የሚከፍል ብዙ ነው። በውርስ የተያዘ ቤት ላይ ወራሾቹ ሁሉ መፈረም አለባቸው፤ አንዱ ጅቡቲ ሌላው ካናዳ ከሆነ ሥራው ይጓተታል፣ የሚጓተተውም በእናንተ ገንዘብ ላይ ነው። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው «ለማስተዳደር» ብቻ ሳይሆን «ለመሸጥ» በግልጽ የሚል መሆን አለበት። ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ባለዕድሉ ከተረከበበት አምስት ዓመት መሙላቱንና የባንክ ዕዳው መዘጋቱን እዩ፤ ያልሞላው በውክልና ቢሸጥላችሁ በስማችሁ የሚሆን ነገር የለም።

ከዋጋው በላይ የሚመጡትንም ደምሩ። የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው፤ የስም ማዛወሪያ፣ የውል ማረጋገጫና የደላላ ክፍያ ይጨመራሉ። አስተዳደሩ የራሱን ግምት ስለሚሠራ ውል ላይ ዝቅ አድርጎ መጻፍ የሚያድነው ገንዘብ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ሽያጩ ከፈረሰ ደግሞ ልታስመልሱ የምትችሉት የተጻፈውን እንጂ የተከፈለውን አይደለም።

ደላላው የጨመረበትን ለማወቅ ቤቱ በስንት ሰው እጅ እንዳለ ጠይቁ። ባለቤቱ «ለእኔ ይህን ያህል አምጡልኝ፣ የበላዩ የእናንተ» ካለ አንዱ ቤት በሦስት ደላላ ሦስት ዋጋ ይኖረዋል። ዝቅተኛውን ያዙና ባለቤቱን በአካል አግኙ። «አቦ ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ ነው» ሲባል «ይህ ቤት ይሸጣል» የሚለውን ጨርቅ እዩት፤ የድሬ ፀሐይ ፊደሉን አንጥቶት ከሆነ ነገም ከነገ ወዲያም አለ።

ድርድር ላይ የሰውን ቤት አታጣጥሉ፤ ሐረርጌ ላይ ይህ ያስኮርፋል እንጂ ዋጋ አያወርድም። «ቤቱ ቆንጆ ነው፣ ያለፋችሁበትም ይታያል፤ እኛ ያገኘነው ግን ይህ ነው» ብላችሁ ወረቀቱን አሳዩ፤ የተሸጡትን ሦስት ቤቶች፣ የቧንቧውን ወጪ፣ የሊዙን ዕዳ። ከግምታችሁ ወደ አሥር በመቶ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ፤ ሙሉ ክፍያውን በአጭር ጊዜ መክፈል ከቻላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩት፤ ለሻጭ ከቁጥሩ ያልተናነሰ ክብደት አለው። ካልተስማማ ስልክ ቁጥራችሁን ትታችሁ ውጡ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቤቱ እዚያው ካለ ደውሉ፣ በዚያው ዋጋ።

ከተስማማችሁ ቀብዱ ላይ አትቸኩሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የቀብድ ወረቀቱ ላይ «የዕዳና እግድ ማጣሪያው ንጹሕ ካልሆነ፣ ወይም የካርታው ስፋት ከተነገረው ካነሰ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ተደርጎ ሰነድ ማረጋገጫ ወይም ፍርድ ቤት ካልተመዘገበ አይጸናም፤ በሰፈር ምስክር ፊት የተፈረመ ወረቀት ላይ ትልቅ ገንዘብ አታሳርፉ። ቀብዱ ትንሽ ይሁን፣ በባንክ ይተላለፍ፤ የዝውውሩ ምክንያት ላይ የቤቱ ቁጥር ይጻፍ።